ድምፅ ሳይኖራቸው ድምፅ ያስገኙ ሴቶች

በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጽር ግቢ፣ የኢትዮጵያ አርበኞች በሚያርፉበት ስፍራ፣ አንዲት እንግሊዛዊት ተቀብረዋል። እኒህም ሚስ ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው። ጠላት አዲስ አበባን በያዘበት ሰሞን በ1928 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገተውን «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ በእንግሊዝ አገር አቋቁመው ለሃያ ዓመት ያህል እንዳዘጋጁ፣ በ1948 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥተው እንደ ኖሩ፣ በመስቀል በዓል ዕለት መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. እንዳረፉ ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን፣ እኒሁ ሴት ብዕራቸውን ለኢትዮጵያ ከማንሣታቸው 24 ዓመት አስቀድሞ፣ በምሥራቅ ለንደን በድኾች ሰፈር ቀድሞ ዳቦ ቤት የነበረ ሱቅ ይዘው፣ ከደጃፉ በላይ በወርቅ ቀለም «ድምፅ ለሴቶች» ብለው ጽፈው፣ የሠራተኛ ሚስቶችንና የፋብሪካ ሴቶችን እየሰበሰቡ የምርጫን ነገር ያስተምሩ እንደ ነበር ነው።

የእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥን መብት እንዴት እንዳገኙ ሲተረክ፣ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ የመስኮት መስበር፣ የመታሰርና በወሕኒ ቤት ምግብ አልበላም የማለት ታሪክ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ክብሩንም ልናሳንሰው አንፈልግም። ነገር ግን ከዚያ በፊትና ከዚያ ጋር ጎን ለጎን የተሠራ ሌላ ሥራ አለ። እርሱም ጫጫታ የሌለው፣ ጋዜጣ የማይጽፈው፣ ከበር ወደ በር የሚኬድበት ሥራ ነው። እኛ ዛሬ ልናወሳ የፈለግነው ይህን ሁለተኛውን ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ «ዓ.ም.» የሚል ካልተጨመረባቸው በቀር፣ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ይወቁልን።)

ነገሩ የተነሣው ከአንድ ሕግ ነው፤ ሕጉ ግን ስለ ሴቶች አንዲት ቃል እንኳ የተናገረ አልነበረም። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ለፓርላማ መወዳደር ማለት ገንዘብ መበተን ማለት ነበር። ተወዳዳሪው ለመራጩ መጠጥ ያጠጣል፤ ቤት ለቤት እየዞሩ ድምፅ የሚለምኑለትን ሰዎች በደመወዝ ይቀጥራል፤ በምርጫውም ቀን መራጩን ወደ ድምፅ መስጫው የሚያደርሱ ሰረገላዎችን ይከራያል። በ1880 የተደረገው ምርጫ ወጪው ከልክ ያለፈ፣ ጉቦውም ዓይን ያወጣ ስለ ሆነ፣ በ1883 ፓርላማው የምርጫ ሙስናን የሚከለክል ብርቱ ሕግ አወጣ። ይህም ሕግ የተወዳዳሪውን ወጪ በልክ ወሰነ፤ ድምፅ ለማኝ በደመወዝ መቅጠርን ከለከለ፤ ሰረገላ መከራየትንም ከለከለ።

እንግዲህ ሕጉ ገንዘቡን ከለከለ እንጂ ሥራውን አላስቀረም። መራጩ በየቤቱ መጎብኘት አለበት፤ ከማን ጋር እንደ ሆነ መታወቅ አለበት፤ በቀኑም መምጣቱ መረጋገጥ አለበት። ያለ ደመወዝ ይህን ሁሉ የሚሠራ ማን ነው? ወንዱ ቀን በሥራው ላይ ነው። ፓርቲዎቹም ዘወር ብለው ቢያዩ ጊዜ ያላቸው፣ ጎረቤቱን የሚያውቁ፣ ደመወዝም የማይጠይቁ ሰዎች በገዛ ቤታቸው ተቀምጠው አገኙ። እነዚህ ሰዎች ሴቶች ነበሩ። ለፓርላማ የመምረጥ መብት አንዳቸውም አልነበራቸውም።

ቀድሞ የነቃው፣ የሚያስገርም ቢሆንም፣ የወግ አጥባቂዎቹ ፓርቲ ነው። በዚያው በ1883 በኅዳር ወር ሎርድ ራንዶልፍ ቸርችልና ጓደኞቻቸው የሞቱትን መሪያቸውን የዲዝሬሊን መታሰቢያ አድርገው «ፕሪምሮዝ ሊግ» የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ፕሪምሮዝ ዲዝሬሊ ይወዷት ነበር የምትባል የጸደይ ወራት ቢጫ አበባ ናት። በመጀመሪያ የወንዶች ማኅበር ነበር፤ ወዲያው ግን ሴቶች ገቡበት፤ በ1885ም የራሳቸው ታላቅ ምክር ቤት ተቋቋመላቸው። የየአጥቢያው ቅርንጫፍ «ማደሪያ» ይባል ነበር። ወንዱ «ናይት»፣ ሴቲቱ «ዴም» እየተባሉ የማዕርግ ስም ይሰጣቸዋል፤ አነስተኛ መዋጮ የሚከፍለው ሠራተኛና ገበሬም «ተባባሪ» ተብሎ ይመዘገባል። ማኅበሩ እንደ ቈጠረው፣ በ1891 የአባሎቹ ቍጥር ከ1 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር።

የማኅበሩን ስብሰባ ያዩ ሰዎች ሻይና ኬክ፣ ዘፈንና የፋኖስ ሥዕል ብቻ ነው ብለው ይሥቁበት ነበር። የሣቁት ሰዎች የሻይውን ፍሬ ነገር አላስተዋሉትም። በአገራችን ሰርግም ሆነ ልቅሶ ሲሆን፣ በአጥቢያው ውስጥ ማን እንደ መጣ፣ ማን እንደ ቀረ፣ ማንስ ከማን ጋር እንደ ተኳረፈ ጠንቅቀው የሚያውቁት በጓዳ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። የፕሪምሮዝ ሴቶችም እንዲሁ ነበሩ። ሻዩ ያልቃል፤ የጠጪው ስም ግን በመዝገብ ላይ ይቀራል።

ስለ መዝገቡ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል፤ የምርጫው ልብ ያለው በርሱ ውስጥ ነውና። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ወንድ ሁሉ መራጭ አልነበረም፤ እስከ 1918 ድረስ በመዝገብ ይገኝ የነበረው ለአካለ መጠን ከደረሱት ወንዶች ከመቶ 60 ያህሉ ብቻ ነው። ለመመዝገብ በአንድ ስፍራ ዓመት ሙሉ መቀመጥ ያሻል። ቤት የቀየረ ሰው ስሙ ይሰረዛል፤ በኪራይ ክፍል የሚኖር ሰው በየዓመቱ እየቀረበ መብቱን ማመልከት አለበት። ስለዚህ ምርጫ የሚሸነፈው ወይም የሚረታው ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ሳይሆን፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ማን ተመዘገበ፣ ማንስ ተሰረዘ በሚለው ነው። ሴቶቹ መንደር ለመንደር እየዞሩ የሞተውን፣ የሄደውን፣ አዲስ የመጣውን እየለዩ ያስታውቃሉ፤ አንዳንዶቹም በብስክሌት ይዞሩ ነበር። የኛ፣ የተቃዋሚ፣ ያልቈረጠ ብለው በየስሙ አጠገብ ምልክት ያደርጋሉ። ይህ ሥራ የሚያስመሰግን አይደለም፤ ሐውልትም አይቆምለትም። የማናቸውም ፓርቲ ኃይል ግን ሥሩ እዚህ ነው።

በ1885 ሎርድ ራንዶልፍ ቸርችል የህንድ ጉዳይ ሚኒስትር በሆኑ ጊዜ፣ የዘመኑ ሕግ ሹመት የተቀበለ እንደራሴ እንደ ገና በሕዝቡ እንዲመረጥ ያስገድድ ነበርና፣ ዉድስቶክ በተባለው ወረዳቸው ምርጫ ሆነ። እርሳቸው ወደ ስፍራው አልሄዱም። በፈንታቸው ባለቤታቸው ሌዲ ራንዶልፍና የባላቸው እኅት በሎርዱ የፈረስ እሽቅድምድም ቀለም፣ ማለት በሮዝና በቡኒ ጥብጣብ ባጌጠ ሰረገላ፣ ከመንደር መንደር እየነዱ፣ ገበሬውን በእርሻው ድረስ እየሄዱ ለመኑት፤ ምርጫውም ተረታ። እኒህ ሌዲ ራንዶልፍ በአዲስ አበባ ጎዳና በስማቸው የተሰየመላቸው የዊንስተን ቸርችል እናት ናቸው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። የባለርስት ሚስት የጭሰኛውን በር ብታንኳኳ፣ ልመና ነው ወይስ ትእዛዝ? በእርግጥ ከ1872 ጀምሮ ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር ነበር፤ ጭሰኛውም ፈገግ ብሎ ተቀብሎ በልቡ ያለውን መምረጥ ይችላል። ቢሆንም የፕሪምሮዝ ማኅበር ትሕትና ውስጥ የጌትነት ሽታ እንደ ነበረበት የሚክድ የለም። ማኅበሩ ስለ ሴቶች የመምረጥ መብት አቋም አልያዘም፤ እንዲያውም ከዴሞቹ ብዙዎቹ መብቱን አይፈልጉትም ነበር። የታሪክ ነገር እንዲህ ነው፤ የሴቶችን ፖለቲካ በየመንደሩ የዘረጉት መብታቸውን ያልጠየቁት ሴቶች ነበሩ።

ሊበራሎቹ ይህን አይተው ዝም አላሉም። በ1887 የሊበራል ሴቶች ፌዴሬሽን ተቋቋመ፤ ፕሬዚዳንቷም የፓርቲው መሪ የሚስተር ግላድስተን ባለቤት ወይዘሮ ካትሪን ግላድስተን ሆኑ። ሊበራሎቹ ከወግ አጥባቂዎቹ የሚለዩት፣ አባሎቻቸው ንባብ የሚያነቡ፣ ክርክር የሚወዱ፣ የመምረጥ መብት ጥያቄንም ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ይዘው የሚመላለሱ ስለ ነበሩ ነው። በ1892 በሚያዝያ ወር፣ አንድ የመብት ሕግ ለፓርላማ ሊቀርብ ሲል፣ ሚስተር ግላድስተን ለአንድ እንደራሴ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። የደብዳቤውም ሐሳብ በአጭሩ፣ ሴትን ወደ ምርጫ ማስገባት የተፈጥሮ ጨዋነቷንና ንጽሕናዋን ያጐድፋል የሚል ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን አስተውለው። ባለቤታቸው ሴቶችን ለባላቸው ፓርቲ ድምፅ እንዲለምኑ በሚያሰማራ ማኅበር ላይ ፕሬዚዳንት ናቸው። እነዚያ ሴቶች በጭቃ መንገድ እየሄዱ የማያውቁትን ወንድ በር ሲያንኳኩ፣ ከሰካራም ጋር ሲከራከሩ፣ ጨዋነታቸው አልጐደፈም። የሚጐድፈው በወረቀት ላይ ምልክት አድርገው በሳጥን የጨመሩ እንደ ሆነ ነው! በኛም አገር «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ሲባል ኖሯል፤ የምሳሌው ቃል የኛ ይሁን እንጂ ሐሳቡ በሰለጠነው ዓለምም ቤት ነበረው።

ፌዴሬሽኑ በዚህ ምክንያት ለሁለት ተከፈለ። መብቱ ይቅደም የሚሉት በፌዴሬሽኑ ሲቀሩ፣ ፓርቲውን ማስቸገር አይገባም የሚሉት ወጥተው ሌላ ማኅበር መሠረቱ። ከዚህ መከፈል ግን አንድ አዲስ ዘዴ ተወለደ። ሴቶቹ ሊበራሉን ተወዳዳሪ «ለሴቶች መብት ድምፅህን ትሰጣለህን?» ብለው ይጠይቁት ጀመር። «አዎን» ያለ እንደ ሆነ ይዞሩለታል፤ «አይደለም» ያለ እንደ ሆነ መዝገባቸውን ዘግተው ቤታቸው ይቀመጣሉ። ይህን ጥያቄ ለሁሉም ተወዳዳሪ ግዴታ ለማድረግ ረጅም ክርክር ተደርጓል፤ ሁሉም ቅርንጫፍ በአንድነት አልተከተለውም። ፓርቲውን ትተው ለመውጣት የጨከኑት ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ሥራውን ስለ ለመዱትና ስለ ወደዱት ሊተዉት አልቻሉም። ቢሆንም ድግስ የምትደግስ ሴት ምጣዷን አውርዳ «ከማዕዱ ካልቀመስኩ አልጋግርም» ብትል፣ እንግዳው ሁሉ ወደ ጓዳ መመልከቱ አይቀርም።

በዚህ መካከል በማዘጋጃ ቤትና በአጥቢያ አስተዳደር ሌላ በር ቀስ በቀስ ይከፈት ነበር። ከ1869 ጀምሮ የቤት ግብር የምትከፍል ባል የሌላት ሴት ለከተማ ምክር ቤት መምረጥ ተፈቅዶላት ነበር። በ1870 የትምህርት ቦርዶች ሲቋቋሙ ሴቶች እንዲመረጡም ተፈቀደ፤ ለለንደኑ ቦርድ ሐኪሟ ኤልሳቤጥ ጋሬትና ኤሚሊ ዴቪስ ተመረጡ። በ1894 የወጣው ሕግ የወረዳና የአጥቢያ ምክር ቤቶችን ለሴቶች ከፈተ፤ ባለ ትዳርነትም መሰናክል መሆኑ ቀረ። በዚያ ዓመት በታኅሣሥ ወር የሚስ ሲልቪያ እናት ወይዘሮ ኤመሊን ፓንክረስት በማንቸስተር አጠገብ በቾርልተን የድኾች መርጃ ቦርድ አባል ሆነው ተመረጡ። በ1908 ኤልሳቤጥ ጋሬት አንደርሰን የኦልድበርግ ከተማ ከንቲባ ሆኑ። ወንዶቹ ይህን የፈቀዱበት ምክንያት ለነርሱ ቀላል ነበር፤ ትምህርት ቤትና የድኻ ማደሪያ እንደ ቤት ውስጥ ሥራ ይቈጠር ነበርና። ከዚያ ወደ ፓርላማ ያለው መንገድ አጭር መሆኑን ግን አላሰቡትም።

አዲሱ የሠራተኛ ፓርቲ፣ ማለት ሌበር፣ ከተነሣ በኋላ የኃይሉ ሚዛን ተለወጠ። በ1906 የሌበር ሴቶች ሊግ ተመሠረተ። በ1912 ደግሞ በወይዘሮ ሚሊሰንት ፎሰት የሚመራው ታላቁ የመብት ጠያቂዎች ኅብረት፣ ከማናቸውም ፓርቲ አልወግንም ሲል የኖረውን አቋሙን ለወጠ። የሊበራሉ መንግሥት ተስፋ እየሰጠ ስለ ከለከለው፣ ሌበርም ሴቶችን የማያካትት የምርጫ ሕግ አልቀበልም ብሎ ስለ ወሰነ፣ ለሌበር ተወዳዳሪዎች የሚረዳ የምርጫ መታገያ ገንዘብ አቋቁሞ የሠለጠኑ ሴቶችን ወደ ወረዳዎች ላከ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በስኮትላንድ በሚድሎቲያን ምርጫ ሆነ። ይህ ወረዳ ቀድሞ የራሳቸው የሚስተር ግላድስተን ወረዳ ነበር። ሴቶቹ ለሌበሩ ሰው ሠሩ። ሌበሩ 2,413 ድምፅ አገኘ፤ ሊበራሉም በ32 ድምፅ ብቻ ተሸንፎ ወንበሩ ለወግ አጥባቂው ሆነ። ሁሉንም የሴቶቹ ሥራ አደረገው አንልም። ነገር ግን 32 ድምፅ ማለት አንዲት ሴት በሁለት ምሽት ልታዳርሳቸው የምትችል ቤቶች ናቸው።

ከሁለት ወር በኋላ በምሥራቅ ለንደን በቦውና ብሮምሊ ወረዳ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ትምህርቱም ከድል ይልቅ ይበልጣል። የወረዳው እንደራሴ ሚስተር ጆርጅ ላንስበሪ ከጥንት ጀምሮ ለሴቶች መብት የቆሙ የሌበር ሰው ነበሩ። መንግሥት በታሰሩት ሴቶች ላይ የሚያደርሰውን ግፍ በመቃወም ወንበራቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ለቀው፣ በሴቶች መብት ጥያቄ ብቻ እንደ ገና ለመወዳደር ወደ ሕዝቡ ተመለሱ። ከሁለት ዓመት በፊት በ863 ድምፅ ብልጫ ረትተው ነበር። የወይዘሮ ፓንክረስት ማኅበር ሴቶች ከየአቅጣጫው መጥተው ሰፈሩን ሞሉት። ሚስ ሲልቪያ በኋላ እንደ ጻፉት፣ የምርጫው ቀን ሲደርስ የመራጮቹ ስም ዝርዝር በላንስበሪ የምርጫ ሹም እጅ፣ መራጩን የሚያመላልሱት አውቶሞቢሎች ደግሞ በሴቶቹ ማኅበር እጅ ነበሩ። ሴቶቹ በወንዶች ትእዛዝ ሥር አንሠራም አሉ፤ ወንዶቹም ዝርዝሩን ለእንግዳ አንሰጥም አሉ። አውቶሞቢሎቹ የሚሄዱበትን ቤት ሳያውቁ፣ ዝርዝሩም መጓጓዣ ሳይኖረው ቀኑ መሸ። ላንስበሪ በ751 ድምፅ ተሸነፉ።

በዚህ ሽንፈት ላይ ብዙ ምክንያት ቀርቧል፤ መራጮቹ ሁሉ ወንዶች መሆናቸው ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። በኛ አስተያየት ግን ዋናው ነገር፣ ከውጭ የመጣ ኃይል፣ አውቶሞቢል ቢኖረውም እንኳ፣ የሰፈሩን ሰው ስም ካላወቀ ምንም አለመሆኑ ነው። ሚስ ሲልቪያም ነገሩን የተረዱት በዚህ መንገድ ይመስላል። ሌሎቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ እርሳቸው በምሥራቅ ለንደን ቀሩ። እናታቸውና እኅታቸው የማኅበሩን ሥራ በታላላቅ ወይዛዝርት ላይ ሲያሳርፉ፣ እርሳቸው ለባሕር ዳር ጭነት አውራጅ ሚስት፣ ለልብስ ሰፊዋና ለክብሪት ፋብሪካ ሠራተኛዋ አደባባይ ወጥቶ መናገርን አስተማሩ። ከሌበር ሰዎች ጋር አብረው ስለ ሠሩም በ1914 በጥር ወር ከእናታቸው ማኅበር ተወገዱ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚስተር አስኲዝ ከምሥራቅ ለንደን የተላኩ ስድስት ሠራተኛ ሴቶችን ተቀብለው እንዲያነጋግሩ ግድ ሆነባቸው። ሴቶቹ ስለ መብት ፍልስፍና አልተናገሩም፤ ስለ ደመወዛቸው፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጆቻቸው ተናገሩ።

በ1918 ፓርላማው ዕድሜያቸው 30 ዓመት ለሞላና የቤት ወይም የንብረት መስፈርት ለሚያሟሉ ሴቶች የመምረጥ መብት ሰጠ። ከወንድ ጋር እኩል በ21 ዓመት መምረጥ የተፈቀደላቸው በ1928 ነው። በአገራችን የነገሩ ቅደም ተከተል ሌላ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወንድና ሴት ሳይለይ የመምረጥን መብት ሰጠ፤ ከዚያም በኋላ በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመረጡ። ነገር ግን ያን ጊዜ ፓርቲ የሚባል ነገር ስላልነበረ፣ የሰፈር ቅርንጫፍም ሆነ ሴቶች የሚሠሩበት የፓርቲ መዝገብ አልነበረም። በእንግሊዝ ሥራው ከመብቱ 35 ዓመት ቀደመ፤ በኢትዮጵያ መብቱ ከሥራው ቀደመ።

የ1918ቱ ሕግ ለአጥቢያ ምርጫ የሚበቁትን ሴቶች ቍጥርም እጅግ አበዛው። የምሥራቅ ለንደን ሴቶች የያዙት ልምድ ፍሬው የታየው ያን ጊዜ ነው። በ1919 የፖፕላር ማዘጋጃ ቤት ምርጫ ሌበር ከ42 ወንበሮች 39ኙን አገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ የፖፕላር ምክር ቤት፣ ሥራ አጥ የበዛበት የድኻ ሰፈር እንደ ሀብታም ሰፈር የለንደንን ወጪ ሊሸከም አይገባውም ብሎ፣ ለለንደን አስተዳደር የሚገባውን ግብር ሰብስቦ አላስተላልፍም አለ። ስለዚህም በ1921 በመስከረም ወር 30 የምክር ቤቱ አባሎች ታሰሩ። ከነርሱም አምስቱ ሴቶች ነበሩ፤ ሱዛን ሎረንስ፣ ጁሊያ ስከር፣ ሚኒ ላንስበሪ፣ ጄኒ ማካይና ኔሊ ክሬሶል። ጁሊያ ስከር በ1914 በጠቅላይ ሚኒስትሩ ፊት ከቆሙት አንዷ ናቸው። የሚስተር ላንስበሪ ምራት ሚኒ ላንስበሪ በሚስ ሲልቪያ ማኅበር የሠሩ አስተማሪ ነበሩ። ኔሊ ክሬሶልም የሚስ ሲልቪያን ትምህርት በ1912 የሰሙ የሰፈሩ ሴት ሲሆኑ፣ ሲታሰሩ ነፍሰ ጡር ነበሩ።

ወንዶቹ በብሪክስተን፣ ሴቶቹ በሆሎዌይ ወሕኒ ቤት ተቀመጡ። ምክር ቤቱ ግን ሥራውን አላቋረጠም፤ ስብሰባው በብሪክስተን ወሕኒ ቤት እንዲደረግ ስለ ተፈቀደ፣ ሴቶቹ ከሆሎዌይ እየመጡ በጉባኤው ላይ ይቀመጡ ነበር። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ተፈቱ፤ ፓርላማውም የለንደን ሰፈሮች የድኾችን መርጃ ወጪ እንዲጋሩ የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ሚኒ ላንስበሪ ከተፈቱ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በ1922 ጥር 1 ቀን፣ በ32 ዓመታቸው ሞቱ። ኔሊ ክሬሶል በጤንነታቸው ምክንያት ከጓደኞቻቸው አስቀድሞ ተፈተው ስለ ነበር ልጃቸውን በሰላም ወለዱ፤ በ1943ም፣ በጦርነቱ መካከል፣ የፖፕላር ከንቲባ ሆኑ።